ጤዛ አራጋፊ

ላሪዮን፣ ስማኝ፤ ሬድዮው ምን እንዳለ፦
«ሸለቆው ዛሬ ሌሊት ከዜሮ በታች ሦስት» አለ።
ከዝግባው በላይ ተራራው ትናንት ነጭ ለበሰ፣
የስሎካን ወንዝ ጉሙን አንስቶ ከአጥራችን አደረሰ።
ጥቅምት ነው። አጥንት በማይጋጥበት በእኛ ዓይነቱ ቤት
ብርድ የሚመለሰው በቦርሽ ነው፣ ድስቱ ሳይወርድ ከምድጃው ፊት።

ለእነሱ ግን ቦርሽ የለ።

ከዶሮው ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው ባሞቀው አፈር፣
ሕጉ ለአንድ ቤት የፈቀደው አራት፣ አንድም ሳይጨመር፤
በግንቦት አንተ በጣሳ የዘራሃቸው፣
በሰኔ እኔ ለፀሐይ ያወጣኋቸው፣
አሁን ከእኔም ከአንተም በላይ ረዝመው
ካናቢሶችህ፣ እምቡጡ ከብዷቸው፣ ካስማ ተደግፈው።

ቅጠላቸው ደምቋል፤ ጠርዙ እንደ ወይን ጠጅ ጠቁሯል።
ዴልማር በአጥር አሻግሮ «ታድላችሁ!» ብሏል።
አላወቀም፤ ቀለሙ ብርድ ያለበሰው ሸማ ነው፣
ጌጥ እንጂ ጉልበት አይሆነው።

ትናንት ማታ አጉሊ መነፅርህን አውጥተህ
በእምቡጡ ጫፍ ያለውን ሙጫ ልታይ ጎንበስ ብለህ፣
እጅህ፣ የመጋዝ ፋብሪካው ሁለት ጣት ያስቀረባት እጅህ፣
እንደ ልማዷ ተንቀጠቀጠች፤
ዓለም በመስታወቱ ውስጥ ዘለለች።
በእጄ ያዝኳት። ምስሉ ሲረጋልህ
«ወተት ነው» አልከኝ፤ «ማር አልሆነም ገና።»
ከዚያ ዝም አልክና፣
«ቢሆንም እንቁረጥ፣ ፖልያ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከዋክብት በዝተዋል።»
«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አልኩህ። «አምስት ቀን ይበቃል።»

ብርዱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረ!
ጤዛው ነው እንጂ ሌባው፣ ሳይሰማ የሰረሰረ፤
ከወፍራሙ እምቡጥ መሐል ገብቶ ያድራል፣
ከውጭ አማን አስመስሎ ከውስጥ ግራጫ ሻጋታ ያፈላል።
አምና በጣቴ ስነካው እንደ አመድ ተበተነ፤ ታስታውሳለህ?
«አፈር ይቅለለው» ብለህ ቀበርከው፣ እየሳቅህ።

እናም ካስማ ጨመርን፤ አንሶላ ወጠርን፤
ቀን በፀሐይ የሞቀ ውሃ በጀሪካን ከሥራቸው ደረደርን።
«ጨርቁ ቅጠል እንዳይነካ!» ትላለህ ከበረንዳው፣
«ውርጭ በጨርቅ በኩልም ይናከሳል፤ ጥርስ አለው።»
አንሶላው ለሦስቱ በቃ። ለአራተኛዋ
የእናትህ የጠረጴዛ ልብስ ሆነ ድርሻዋ፤
ያ ዳቦ፣ ጨውና ውሃ የተጠለፈበት፣
በጸሎት ቤቱ ገበታ ላይ ስንት ሰንበት የተዘረጋው በክብደት።
አጠረ። ሳብኩት። ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በአንተ በኩል አልጋውን ቀዝቅዞ አገኘሁት፤
መስኮቱ ጋ ነበርክ፣ ካፖርትህን ደርበህ።
«ሦስት ብሎ አምስት ሆኗል» አልክ። «ሬድዮን ማን አምኖት!»

ሲነጋ ገለጥን።
ሦስቱ ቆመዋል። አራተኛዋ ጨርቁ በነካት በኩል
ጠቁራ፣ ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ፤
የዳቦው ጥልፍ ካረፈበት ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል።
አፌን ይዤ ቆምኩ። «ለቸኮለው ተረት አለን» አልኩህ፤
«ለዘገየውስ ምን ተተረተ?»
«ለዘገየው ውርጭ ራሱ ይተርትለታል» አልክ።
ሳቅህ እስከ ዓይንህ አልደረሰም።

ፀሐይ ጫካውን ሳታልፍ፣ እርጥበቱ ሳይሞቅ፣
ሦስቱን ከጤዛ ማራገፍ ነበረብን።
አንዷን በሁለት እጄ ወዘወዝኩ፤ ቅርንጫፍ ቀነጠስኩ።
«ቀስ!» አልከኝ። መጣህና
እጅህን ግንዷ ላይ አኖርክ፣ ሌላ ምንም ሳታደርግ።

ያች ሐኪሙ በሁለት ዓይነት ክኒን ያልገራት፣
ማንኪያን ከአፍህ፣ ቁልፍን ከቀዳዳው ያጣላች እጅ
አልቸኮለች፤ አልዘገየችም፤ እንደ ልማዷ ብቻ ሆነች፤
ግንዷም ከሥር እስከ ጫፍ በስሱ ራደች።
አንድ እምቡጥ ሳይቀነጠስ ጤዛው ረገፈ፣
በቦት ጫማችን ላይ፣ በሣሩ ላይ፣
መሬት በተኛው ጥልፍ ላይ።

«ቀጣዪቱ» አልኩህ።